ውሃ የነካው ዱቄት

ሬሳውን መጀመሪያ ያዩት እማማ ነበሩ። ከሻይ ሰዓት በኋላ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ትልልቆቹ የብረት ጋኖች ወዳሉበት አዳራሽ ሲገቡ፣ ከዘር ጋኑ የብረት ደረጃ ሥር የሥራ ካፖርት ወድቆ አዩና «እነዚህ ልጆች ልብሳቸውን የትም ይጥላሉ» ብለው አጉረመረሙ። ቀረብ ሲሉ ካፖርቱ ውስጥ ሰው አለ። ባልዲው ከእጃቸው አመለጠ፤ ጩኸታቸው እስከ ማሸጊያ ክፍሉ ተሰማ።

የሞቱት የፋብሪካው ዋና ባለሙያ ነበሩ፤ ሠራተኛው «ጋሼ እንክብል» የሚላቸው። ስሙን ያተረፉት በሥራቸው ነው። ፋብሪካው ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ውስጥ የሚገባውን ጎምዛዛ ዱቄት ያመርታል፤ ዋናው ሠራተኛ ግን ሰው ሳይሆን ጥቁር ሻጋታ ነው። ሻጋታው ጋን ውስጥ ሆኖ ስኳር ይበላል፣ አሲድ ያወጣል። ታዲያ ይህ ሻጋታ መረን ነው። እንዲሁ ከለቀቁት ክር አውጥቶ እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ፈሳሹ እንደ ሊጥ ይወፍራል፣ አየር አላሳልፍ ይላል፣ አሲዱንም ውሃ በላው። ጋሼ እንክብል ለዚህ መላ ሲፈልጉ አረጁ፤ አገኙትም። ዘሩ ጋኑ ውስጥ እንደገባ፣ ፖሊመር የሚባለውን ሠራተኛው ግን «ሙጫው» የሚለውን ነጭ ዱቄት አሟሙተው ይጨምሩበታል። ሙጫው የሻጋታውን ዘር ሰብስቦ ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀውም እንደ ምስር ፍሬ ድቡልቡል እንክብል እየሆነ ያድጋል። ፈሳሹ ቀጭን ሆኖ ይቆያል፣ አየሩ እንደ ልቡ ይመላለሳል። የትኛው ሙጫ፣ ምን ያህል፣ መቼ የሚለውን ያስተማሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለልጃቸው።

ልጅቷን «ሚዛን» ይሏታል። በልጅነቷ ስኳር እንኳ ሳትመዝን ሻይ ውስጥ አትጨምርም ነበርና አባቷ ያወጡላት ስም ነው፤ ካደገችም በኋላ ሁሉም በዚያው ቀጠለ።

ሚዛን አባቷን ማን እንደገደለ ከማንም በፊት ታውቅ ነበር። እሷው ናት።

ያን ቀን ጠዋት አባቷ ሰላም ስትላቸው ዝም ብለዋት አልፈዋል። እንዲህ አድርገዋት አያውቁም። «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ስታብሰለስል፣ ዘሩ ሊገባ ሲል የሙጫውን ቆርቆሮ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ለአባቷ አዘጋጅታ መውረድ ልማዷ ነው። ከላይ ካለው መቆሚያ ስትደርስ ቆርቆሮው ከእጇ ሾልኮ ዱቄቱ ግማሽ በግማሽ ተበተነ። ሙጫ ሲፈስ በደረቁ ይጠረጋል። ውሃ ከነካው ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ንፍጥ ይሆናል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ለስንቱ የነገረችው ራሷ ሚዛን ናት። ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበር ግን አጠገቧ የነበረውን ባልዲ ብድግ አድርጋ ውሃውን ቸለሰችበት። ያደረገችውን ያወቀችው እግሯ ሲከዳት ነው። መደገፊያውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ወረደች። ንፍጡን የሚያሟሽሸው ጨው ነውና ጨው ልታመጣ ስትሄድ ላቦራቶሪ ጎራ ብላ ለባሏ ነገረችው። ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ስልክ ጮኸ። አንድ ደንበኛ ዕቃዬ ዘገየ ብሎ ያፈጥጥባት ጀመር፤ እሱን ስታባብል ጨውም ደረጃውም ከሐሳቧ ወጡ። ቀጥሎ የሰማችው የእማማን ጩኸት ነው።

ባሏ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ «ዶክተሩ» ይባላል። አቅፎ ወደ ቤት ወሰዳት፣ ውሃ አጠጣት፣ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት። አመሻሽ ላይ ቤቱ በሰው ሲሞላ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ተመለሰ።

«ጠርጌዋለሁ» አላት በጆሮዋ። «አንዲት ምልክት የለም። እኔ አንቺን አሳልፌ አልሰጥም።»

ሚዛን እጁን ይዛ ሳመችው።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት መጣች። አጠር ደልደል ያለች ሴት ናት፤ የውሃ ጠርሙስ ከእጇ አይለይም። «ሐኪሙ በኩላሊቴ አስፈራርቶኝ ነው» አለች፣ ሰው ጠርሙሱን ባየባት ቁጥር። ሚዛንን አየት አደረገቻትና «ነፍስ ይማር እህቴ። እንዳላስቸግርሽ እንጂ የዚህን ሥራ ቋንቋ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። አብረሽኝ ትዞሪያለሽ?» አለቻት። ሚዛን እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም።

መጀመሪያ ደረጃውን ወጡ። መርማሪዋ መቆሚያው ላይ ተንበርክካ ጥጋጥጉን አየች፣ ከጠርሙሷ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረገችና በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ሚዛን ጀርባዋን ላብ አጠመቀው። ሴትዮዋ ግን ጣቷን በመሀረብ ጠርጋ ተነሳች።

«ይሄ መስኮት የምንድን ነው?» አለች ወደ ማዶ እያመለከተች።

«የላቦራቶሪው ነው።»

«ጥሩ። ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።»

ከታች እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። ጠያቂ ሳይጠይቃቸው ለቅሷቸውን ለቀቁት።

«ልጄ፣ አትድከሚ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ጠዋት ደረጃውን አጥቤ ሳላደርቅ ሄድኩ። ጉልበቴን አሞኝ ነበር። ደህናውን ሰው በላኋቸው!»

«እማማ፣ ሲያጥቡ ሳሙና ጨምረዋል?»

«ኧረ ውሃ ብቻ!»

«የኖራው መጋዘንስ ያጠቡት መቼ ነው?»

እማማ ለቅሷቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። «ኖራ በውሃ ይታጠባል እንዴ? ተቦክቶ አረፈው እኮ! እሱ መጋዘን የዶክተሩና የጋሼ እንክብል ነው፤ እኔ ደጁን ብቻ ነው የምጠርገው።»

«ወለሉ ግን ታጥቧል፤ ስመጣ አይቼዋለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። ሚዛን አልገባትም። ኖራው አሲዱን ከፈሳሹ ለይተው የሚያወጡበት ነው፤ መጋዘኑ ከጋኖቹ አዳራሽ ጋር በኋላ በር ይገናኛል። ይህንኑ አስረዳቻት።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሚዛን አጎት ናቸው። ቢሯቸው ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ጺማቸው ሳይላጭ ተቀምጠዋል።

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የደረጃው መደገፊያ ላልቷል፣ አሠራው ብሎ ስንቴ ነገረኝ! ዛሬ ነገ ስል...»

«ጋሼ፣ መደገፊያውን ነቅንቄዋለሁ። የላላ ነው፤ ግን ከቦታው አልተነሳም፤ የያዘውን ሰው አይጥልም» አለች መርማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ። «ይልቅ ሰሞኑን ወንድምዎን የለወጠ ነገር አልነበረም?»

አጎትየው አሰብ አደረጉ። «ከትናንት ወዲያ አንድ ዕቃ ሻጭ መጥቶ ነበር። ከሌላ ፋብሪካ ያገኘሁት ነው ብሎ በትንሽ ጠርሙስ እንክብል አሳየው። ወንድሜ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ሲያየው ቆየና ኪሱ ከተተው። ምን ነካህ ስለው ‹ሰው የገዛ ሥራውን አይስተውም› አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ኪሳቸው ውስጥ አገኘነው።»

ሚዛን ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው። የፋብሪካቸው ጠርሙሶች ክዳን ነጭ ነው፤ እንክብሎቹ ግን ልክ የአባቷ ናቸው። ምስጢሩን ከአባቷ በቀር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሰላምታ የነፈጓት ለካ ለዚህ ነበር! ሸጠችብኝ ብለው ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነግራለች፤ በተጋቡ ሰሞን፣ ለባሏ፣ ስትኮራ። ሐሳቧ ወደዚያ መሄድ ሲጀምር ደንግጣ መለሰችው። በክፉ ቀን የደረሰላትን ሰው መጠርጠር ነውር መሰላት።

ዶክተሩ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ለጥያቄው ሁሉ ቅልብጭ ያለ መልስ ሰጠ።

«ዘሩን ከዚህ ሆኜ በቱቦ የላክሁት እኔ ነኝ። አማቴ ወዲያው ወጥተው ሙጫውን ጨመሩ። በዚህ መስኮት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ዞርኩ፤ የወደቁት ሲወርዱ ይመስለኛል።»

«ጸጉራቸውና ኮሌታቸው ላይ ነጭ ዱቄት ነበር።»

«ሙጫው ነዋ። ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ሁሌም ይቦንባቸዋል።»

«ዶክተር፣ እርስዎስ ምነው እንዲህ ባደረግሁ የሚሉት ነገር የለም?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። «አደጋ ነው።»

ሚዛን ወለል ወለሉን ታይ ነበር። የሆነ ነገር ልቧን ቆንጠጥ አደረጋት፤ ምን እንደሆነ ግን ልትይዘው አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ከዘር ጋኑ ሥር ሰበሰበቻቸው። አጎትየው ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ እማማ መጥረጊያቸውን ተደግፈዋል፤ ዶክተሩ እጁን ሚዛን ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጋኑ ከላያቸው አየር እየሳበ ያጉረመርማል።

«እንዲህ ያለ ፋብሪካ አይቼ አላውቅም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሌላ ቦታ ስሄድ ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም ይለኛል። እዚህ ግን ገዳዩ እኔ ነኝ የሚለኝ በዛና ምስክር የሚሆን ሰው አጣሁ።»

በየተራ አየቻቸው።

«እማማ ደረጃውን ስላጠቡ፤ ጋሼ መደገፊያውን ስላላሠሩ። አንድ ሰው ደግሞ የሆዱን ገና አልነገረኝም።»

ሚዛን ትከሻዋን የያዘው እጅ ሲጠብቅ ተሰማት። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ዝም በይ!» አለ ባሏ።

«ዝም አልልም። ሙጫውን ደፋሁት። ደግሞ ውሃ ቸለስኩበት። ጨው ላምጣ ብዬ ሄጄ ረሳሁት። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ከእሱ በቀር ለማንም አልነገርኩም።» እማማ «ወይኔ ልጄን!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

መርማሪዋ አልደነቃትም። ከላስቲክ ውስጥ አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ አወጣች፣ ገለበጠችው፣ ከጠርሙሷ ውሃ አንጠባጠበችበትና ለሚዛን አቀበለቻት። «የአባትሽ ጫማ ነው። ሶሉን ዳስሺው።»

ሚዛን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ያሟልጫል?»

«አያሟልጭም።»

«መቆሚያው ላይ ግን ዛሬም ሲረጥብ ያሟልጫል። ጨርቅ ቢጠርገውም ጥጋጥጉ ውስጥ ቀርቷል። አባትሽ እዚያ ላይ ረግጠው ቢሆን ኖሮ ጫማቸው በዚህ ንፍጥ ይለወስ ነበር። ደርቆ እንኳ ውሃ ሲነካው ይነቃል፤ አይደለም እንዴ?»

«ይነቃል» አለች ሚዛን፣ ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል።

«እንግዲያው ያን ቀን አልወጡም። ኮሌታቸው ላይ ያለውንም ነጭ ዱቄት አረጠብኩት። ሙጫ ቢሆን ይዝለገለግ ነበር። አልተዝለገለገም፤ ኖራ ነው። የኖራው መጋዘን ጥግ ደግሞ በማይታጠብበት ቦታ ታጥቧል። ሰውየው የሞቱት እዚያ ነው። በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም ካፌ ሲቀመጥ፣ በኖራ ጋሪ በኋላ በር ወጥተው እዚህ ተጣሉ። ለምን እዚህ?» ዙሪያዋን ቃኘች። «ደረጃው እንደሚያሟልጭ የሚያውቅ ሰው ስላለ። እሷ ታውቃለች። የነገረችውም ሰው ያውቃል።»

ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ተነሳ።

«ተረት ነው!» አለ ዶክተሩ። «ወጥተው ሙጫውን ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋኑ ምስክሬ ነው፤ ሙጫ ባይገባበት ዛሬ ሊጥ ሆኖ ነበር። ቅዱና እዩት!»

«እሱን ነው የምጠብቀው» አለች መርማሪዋ። «እኔ ሻጋታ አላነብም። እሷ ግን ታነባለች። ቅጂና እይልን፣ እህቴ።»

ሚዛን ከጋኑ ግርጌ ያለውን ቧንቧ ከፍታ በብርጭቆ ሳህን ቀዳች። ከትናንት ጀምሮ አንዴም ወደዚህ ጋን ቀና ብላ አላየችም፤ ጥፋቷ ዓይኗን ይዟት ነበር። ሳህኑን ወደ መብራቱ አነሳችው። ሊጥ አልሆነም። እንክብልም አልነበረም። ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ የመሰለ፣ ጸጉራም፣ ትልቅ ትንሽ ጉንጉን ይዋኝበታል። የምትናገረው ቃል ምን እንደሚያፈርስ ገብቷታል።

«ሙጫው ገብቷል» አለች በመጨረሻ። «ግን ዘግይቶ ነው። ዘሩ ክር ሳያወጣ ከተጨመረ ድቡልቡል ይሆናል። ክር ካወጣ በኋላ ከሆነ የተበተበውን ነው የሚይዘው፤ እንዲህ ይጎነጉነዋል። ይሄ ማታ የገባ ነው። ማታ አባዬ ሞቶ ነበር።»

«ማታ ማን መጣ እዚህ?»

ሚዛን ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ነህ የመጣኸው። ልጠርግልሽ ብለህ።»

«ላንቺ ብዬ ነው! እግዚአብሔርን፣ ላንቺ ብዬ ነው የመጣሁት!»

«ጥሩ» አለች መርማሪዋ። እስካሁን አንቱ ስትለው የነበረችው ሴት አንተ ማለት ጀመረች። «እንበልና ጋኑ ተሳስቷል። እንበልና እንደምትለው አማትህ ሲወጡ በመስኮት አይተሃል። ደረጃው እንደሚያሟልጭ ሚስትህ ነግራሃለች። ታዲያ ሲወጡ እያየህ ለምን አልጮህክላቸውም?»

ጠዋት ሚዛንን የቆነጠጣት ነገር ይኸው ነበር።

«እማማ ለታጠበ ደረጃ ሲያለቅሱ፣ ጋሼ ለላላ ብረት ጺማቸውን ሳይላጩ፣ ሚስትህ እንቅልፍ አጥታ፣ አንተ ብቻ ‹እኔ ምን አደርጋለሁ› አልከኝ። የገባኝ ያኔ ነው። አማትህ ጠርሙሱን አሳዩህ አይደል?»

ዶክተሩ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሌላው ፋብሪካ ትልቅ ሹመት እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር፤ እዚህ እስከ መቼ የአማቴ ተላላኪ እሆናለሁ ብሎ ምስጢሩን ወሰደላቸው። ይህን ሁሉ ወለሉን እያየ ተናገረ።

ሚዛን አልጮኸችም። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። «አባዬ እኔ የሸጥኩበት መስሎት ነው የሞተው?»

«አንቺ ነሽ አልኳቸው።» ፊቷን ሊያያት አልቻለም። «ጠዋት ራሳቸውም ጠርጥረውሽ ነበር። እኔ ስላቸው ግን አላመኑኝም። ‹ሰላምታዋን ነፈግኋት፤ ተሳስቻለሁ። ሚዛን ይህን አታደርግም። አሁን አንተው ፊት እጠይቃታለሁ› ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ላስቀራቸው ብዬ ጎተትኳቸው... የጋሪው ብረት ላይ ነው የወደቁት።»

«እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ገደልኩት ስል ጸጉሬን ስትዳብስ አደርክ።»

«ሚዛን...»

«እጅህን ሳምኩት እኮ» አለች፤ አፏን በመዳፏ ጠራረገች፤ ደግማ ጠራረገች። እማማ መጥረጊያቸውን ጥለው መጥተው አቀፏት።

ፖሊሶቹ ዶክተሩን ይዘው ከወጡ በኋላ መርማሪዋ ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሚዛን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

«ምስጢሩን ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «ያ ጥፋት አይደለም?»

«ለባልሽ ነው የነገርሽው። በዚህ የሚጠይቅሽ ሕግ የለም።»

«የሚጠይቀኝ ቢኖርማ መልሼለት እገላገል ነበር።»

መርማሪዋ እጇን ጨበጠቻት፣ ትንሽ ቆየችና ሄደች።

ጋኑ ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ እስኪዘጋጅ ጊዜ ወሰደ። አዲስ ዘር በተዘራ ዕለት ሚዛን ሙጫውን ራሷ መዝና ደረጃውን ወጣች። መደገፊያው ተጠግኗል፤ አጎቷ ከታች ቆመው ያዩዋታል። ቆርቆሮውን ስትከፍት ጥቂት ዱቄት መቆሚያው ላይ ፈሰሰ። ባልዲው ያው እንደ ድሮው አጠገቧ ነው። «ልምጣልሽ ልጄ?» አሉ እማማ ከታች። «ይቅርብዎት እማማ፣ እኔው እጠርገዋለሁ» አለች፤ ተንበርክካም ዱቄቱን በደረቁ፣ አንዲት ቅንጣት ሳታስቀር፣ እያለቀሰች ጠረገችው። እንባዋ እንዳይነካው ፊቷን ዞር አድርጋ ነበር።